አባባ ያላሉት የመጨረሻ ቃል

ለምወድህ ወንድሜ፣ ለወንድምዓለም፤

እንደምን ከርመሃል? እንደምን ሰንብተሃል? ልብህስ እንዴት ነው? ያ ደረጃ ስትወጣ መሀል ላይ የሚያስቆምህ ድካም ቀለል አለልህ ወይስ እንደዚያው ነው? እንቅልፍስ ይወስድሃል? ባለቤትህ እንዴት ናት? ትልቋ ልጅህ ትምህርቷን፣ ትንሿ ደግሞ የሚነቃነቀውን ጥርሷን እንዴት አደረጉት? እኔ የስፌት መኪናዬን በረገጥኩ ቁጥር ስማችሁን አንድ በአንድ እጠራለሁ። እዚህ ያለነው ከናፍቆትህ በስተቀር ደህና ነን ብዬ እንዳልጀምርልህ፣ ዘንድሮስ ደህና አይደለንም። እማዬ ቁርጥማቱ ተነስቶባታል፤ እኔም ዓይኔ ክር ማስገባት እምቢ እያለኝ ነው። ቢሆንም ቆመን እንሄዳለን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።

ደብዳቤ ሲደርስህ ግራ እንደምትጋባ አውቃለሁ። ስልክ እያለ ይቺ ልጅ ምን ነካት ትላለህ። ባለፈው ሳምንት ሦስት ጊዜ ደውዬልህ ነበር፤ ሦስቱንም ጊዜ ብርዱ እንዴት ነው ብዬህ ዘጋሁት። የምነግርህን ነገር በስልክ ከጀመርኩት አለቅሳለሁ፣ አንተም ታለቅሳለህ፣ ከዚያ መስመሩ ይቆረጥና ግማሹ ቃል ውጪ ያድራል። ስለዚህ ወዳንተ አገር ዕቃ ሊያመጣ ለሚሄደው ነጋዴ ጎረቤታችን ሰጥቼዋለሁ፤ ከኦፕራሲዮንህ በፊት በእጅህ ሊያስረክብህ ምሎልኛል።

የላክልኝን መልእክት ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አትጠይቀኝ። ሐኪሞቹ በሦስት ሳምንት ውስጥ ደረትህን እንደሚከፍቱ፣ ልብህን አቁመው ጠግነው መልሰው እንደሚያስነሱት ጻፍክልኝ። መቀሱ ከእጄ ወደቀ። ግን ይበልጥ የገደለኝ ከሥሩ የጻፍከው ነው። አባባ ሊሞቱ ሲሉ የተናገሩትን ቃል በትልቁ ጽፈህ ማዕድ ቤታችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፈኸዋል፦ «ጌታዬን አጥብቄ ይዤዋለሁ፤ አልለቀውም»። ልጆችህ በቃላቸው አጥንተውታል። አንተም ከስንት ዓመት በኋላ እንደገና ተንበርክከህ መጸለይ የጀመርከው በዚያ ቃል ነው። ቀጥለህ ደግሞ እንዲህ አልከኝ፦ እንደ አባባ ልይዝ እሞክራለሁ፣ ግን እጄ አይጠናም፤ ጠዋት የያዝኩትን ማታ ለቅቄ አገኘዋለሁ፤ አደንዝዘው ሲያስተኙኝማ፣ ራሴን ሳላውቅ፣ በምኔ ልይዘው ነው? እንደ አባባ መያዝ ካልቻልኩ ምን ይውጠኛል?

እንግዲህ ልንገርህ። የማለሳልስበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ። አባባ ያን ቃል አላሉም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።

አሁን ወረቀቱን አስቀምጥና ትንሽ አረፍ በል፤ ልብህን አደራ። ከዚያ ግን ተመልሰህ እስከ መጨረሻው አንብብልኝ። ስደበኝ፣ እርገመኝ፣ ብቻ አንብበው።

«አባባ ትንሽ ይረሳሉ» እያልኩ በስልክ ስነግርህ የኖርኩት ራሱ ግማሹ ውሸት ነበር። ትንሽ አልነበረም። መጀመሪያ ጫማቸውን ባልዲ ውስጥ ከተው ውሃ ይሞሉበት ጀመር። ቀጥሎ የሰፈሩ መንገድ ጠፋቸው፤ አርባ ዓመት አካፋና ገመዳቸውን ተሸክመው የተመላለሱበትን መንገድ የዳቦ ቤቱ ሰውዬ በእጃቸው ይዞ እየመራ ያመጣቸው ነበር። ቀጥሎ እኔ ጠፋሁ። ስሜ ቀርቶ «ልብስ ሰፊዋ» ይሉኝ ጀመር። «ልብስ ሰፊዋ፣ አባት አለሽ?» ይሉኛል። አለኝ እላቸዋለሁ። «ደህና ሰው ነው?» ሲሉኝ፣ አንዳንዴ ይቆጣል እንጂ ደህና ነው እላቸዋለሁ፤ ከት ብለው ይስቃሉ። እኔም አብሬ እስቃለሁ፣ ከዚያ ፊቴን ወደ መኪናው አዞራለሁ።

እማዬን ደግሞ አንድ ቀን እግራቸውን ስታጥባቸው ትኩር ብለው አዩዋትና «አንቺ ደግ ሴት፣ ይኼን ሁሉ ስታደርጊልኝ ባልሽ አይቀናም?» አሏት። «ባሌ ቀናተኛ አይደለም» አለቻቸው፣ ምንም ሳይመስላት። ፎጣውን ይዛ ወጣች። ተከትያት ብሄድ ጓሮ ግድግዳውን ተደግፋ አገኘኋት። ትሳቅ ይሁን ታልቅስ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ይኼ ሁሉ ይቻላል፤ ችለነውም ነበር። ያልቻልኩት የሰኞውን ነው። ሊሞቱ ሦስት ቀን ሲቀራቸው መጋቢያችን ሊጠይቃቸው መጣ። መጋቢውን ለጥምቀት ያዘጋጁት ራሳቸው አባባ መሆናቸውን ታውቃለህ፤ ሳምንቱን ሙሉ የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ከርመው እሑድ እሑድ ሠላሳ ዓመት ያስተማሩ ሰው ናቸው። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና አነበበላቸው፣ ጸለየላቸው። በመጨረሻ ጎንበስ ብሎ ኢየሱስን ያውቁታል አባባ ብሎ ጠየቃቸው። አባባ እንግዳ እንደሚያስተናግድ ሰው በትሕትና አዩትና «ኧረ አላውቀውም ልጄ። ከየት ነው የመጣው?» አሉት።

መጋቢው መጽሐፉን ዘጋ። አይዞሽ፣ በሽታው ነው አለኝ፤ ፊቱ ግን እንደ አፉ አልነበረም። እማዬ ደክሟቸው ነው ብላ ብርድ ልብሱን አስተካከለች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ጨርቅ ስለካ፣ ቁልፍ ስተክል፣ ያቺ «አላውቀውም» ከጆሮዬ አልወጣ አለች። የካደ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ከልጅነታችን ጀምሮ ሰምተናል። ይኼ ክህደት ነው? በሽታ ይክዳል? የማን አፍ ነው የተናገረው? የምጠይቀው ሰው ቢኖር የምጠይቀው አባባን ነበር፤ እሳቸው ደግሞ ልብስ ሰፊዋ ነው የሚሉኝ።

ሐሙስ ከምሳ በፊት ትንፋሻቸው አጠረ። እማዬ ውሃ ልታሞቅ ወጣ ብላ ነበር። እጃቸውን ያዝኩና፣ አባባ፣ ጌታን የሚያምኑት ከሆነ እጄን ጨበጥ ያድርጉልኝ፣ አንዴ ብቻ አልኳቸው። ጠበቅሁ። ምንም የለም። እሺ ጣትዎን ብቻ አልኳቸው። ምንም። ምን እንዳደረግሁ ልንገርህ? አፍሬ ለማንም አልተናገርኩትም። በሌላው እጄ ጣቶቻቸውን እያጠፍኩ እጄ ላይ ጨበጥኳቸው። የጨበጡኝ እንዲመስለኝ። ለቀቅ ሳደርገው እጃቸው ተመልሶ ተዘረጋ። እንደ ተዘረጋ ቀረ። እማዬ ውሃውን ይዛ ስትገባ አባታችን አልነበሩም።

አርብ ቀበርናቸው። የጉባኤያችንን ልማድ ታውቃለህ፤ መሬት ከመግባቱ በፊት ከልጆቹ አንዱ ይነሳና የሟቹን የመጨረሻ ቃል ያሰማል። አንተ የለህም፣ እኔ ተጠራሁ። ሰው ጢም ብሎ ሞልቷል፤ አባባ ያላስተማሩት ስንቱ ነው! እማዬ ፊት ለፊቴ አቀርቅራለች። መጋቢው ሰኞን ስለሚያውቅ መሬት መሬት ያያል። አንተም በስልኩ እየሰማህ ነበር። ኧረ አላውቀውም ልጄ አሉ ልበል? እጃቸው ተዘረጋ ልበል? አፌ ከኔ ቀድሞ ሄደ። «ጌታዬን አጥብቄ ይዤዋለሁ፤ አልለቀውም» አሉ አልኩ። ጉባኤው አሜን አለ። እማዬ ቀና አለች። አንተ በስልኩ ውስጥ እንደ ሕፃን ስታለቅስ ሰማሁህ። ከዚያ በኋላ በምን አፌ ልመልሰው? ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የኔው ግን እያደር ከበደ።

ያጋለጠኝ ማን መሰለህ? ጋሽ ብረቱ! ከአባባ ጋር የጉድጓዱን ገመድ ሲስቡ የኖሩት ጓደኛቸው፣ ቅጥነታቸው መርፌ አክሎ ሳለ ሰው በቀልድ ብረቱ ያላቸው። ከአስር ቀን በፊት ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ ይዘው ሱቄ መጡና አባባ ይቀመጡበት በነበረው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሻይ ላምጣልዎት ብላቸው ሱሪውን ዘረጉልኝ። ሱሪውን አገላብጬ ሳየው፣ ያ ቃል የአባትሽ አይደለም አሉኝ። ምነው ጋሼ፣ ምን ማለትዎ ነው ብዬ ልቆጣ ስል፣ አባትሽ «ይዤዋለሁ» ያለውን ሰው መቼ አሳልፈው ያውቃሉ፣ እኔን ራሴን ሁለት ጊዜ ጥለውኛል አሉኝ።

ትዝ አለህ ወንድምዓለም? የአባባ ፈተና! ለጥምቀት የተዘጋጀውን ሰው ሁሉ፣ ጌታን አንተ ያዝከው ወይስ እሱ ያዘህ ብለው ይጠይቁት ነበር። ይዤዋለሁ ያለ፣ ሂድና በሚቀጥለው ሳምንት ተመለስ ይባላል። ያ ግንበኛው ጎረቤታችን አራት ጊዜ ተመላለሰ፤ እኔ እኮ አጥብቄ ነው የያዝኩት እያለ ይከራከራቸው ነበር። አባባም እሱ ነው የሚያስፈራኝ ይሉት ነበር፤ አጥብቄ ያዝኩ የሚል ሰው ሲደክመው ምን ሊሆን ነው? አየህ ጉዴን? የአባቴን ስም ላስጠብቅ ብዬ አባቴ ሠላሳ ዓመት ሲጥሉበት የኖሩትን መልስ በራሳቸው አፍ ጨመርኩባቸው። እንኳን ለመዋሸት፣ ለመኮረጅም አልታደልኩም።

ሱሪው ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ሰኞን፣ ሐሙስን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ጋሽ ብረቱ አልደነገጡም። መጀመሪያ ለእናትሽ ንገሪ፣ ከዚያ ለወንድምሽ ጻፊ አሉኝ። ሄጄ ለእማዬ ነገርኳት። ምስር እየለቀመች ነበር፤ እጇን እንኳ አላቆመችም። አውቄያለሁ አለችኝ። አርባ ስድስት ዓመት አብሬያቸው ኖሬ ንግግራቸው ይጠፋኛል ብለሽ ነው? ታዲያ ለምን ቀና አልሽ ብላት፣ ድምፅሽ ሲንቀጠቀጥ ብሰማ ልትወድቂ መስሎኝ ነው አለችኝ። እኔ ግን የሰኞውን ጥያቄ ልተወው አልቻልኩም። እማዬ፣ አላውቀውም ብለዋል እኮ አልኳት። ያኔ ትሪውን አስቀመጠች። «እኔንስ አላውቅሽም ብለውኝ አልነበር? ሚስታቸው መሆኔ ቀረ እንዴ?» አለችኝ።

አብረን አለቀስን፣ ከዚያ ምስሩን አብረን ለቀምን።

ወንድምዓለም፣ ሁሉም ነገር ተስተካከለልኝ እያልኩህ አይደለም። ያቺ የተዘረጋች እጅ አሁንም ታየኛለች። አባቴ በመጨረሻ አንዴ፣ አንዴ ብቻ በስሜ ቢጠሩኝ ኖሮ ብዬ አንጀቴ ይቆረጣል። ነገ እሑድ በጉባኤው ፊት ቆሜ እውነቱን ልናገር ወስኛለሁ፤ መጋቢው አያስፈልግም ቢለኝም እኔን ግን ያስፈልገኛል። አንተ ግን ከጉባኤው ቀድመህ ከኔው ልትሰማው ይገባል። አንተ የኦፕራሲዮኑ ጉበን ላይ ቆመህ በባዶ እጅህ ልትይዝ እየታገልክ ያለኸው እኔ በሰፋሁት ውሸት ነው። ስለዚህ ጋሽ ብረቱ የነገሩኝን ሌላውን ነገር ደግሞ ስማ። ይኼኛው ያንተ ነው።

ዐሥራ ዘጠኝ ዓመትህ ሆኖ ከነሱ ጋር በቆፈርክበት ዓመት ጉድጓድ ውስጥ አየሩ አፍኖህ የወጣህበትን ታሪክ ስንት ጊዜ አውርተህልናል! ራሴ ሲዞርብኝ ገመዱን ሦስት ጊዜ ጎተትኩ፣ አባባም ሰሙኝና ሳቡኝ ትላለህ። ሠርግህ ላይ እንኳ አውርተኸዋል። የገመዱን ቋንቋ ከኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ፤ አንድ ጉተታ ልቀቁልኝ፣ ሁለት አቁሙ፣ ሦስት አውጡኝ ነው። እኔ ግን አባቴ ዝም እንዳሉ ሞቱ ብዬ ሳለቅስ ጋሽ ብረቱ ሳቁብኝ። መርፌውን ልወጋቸው ምንም አልቀረኝም ነበር። ለመሆኑ ገመዱ ዝም ሲል ምን እንደምናደርግ ታውቂያለሽ አሉኝ። አላውቅም አልኳቸው። ሦስት የጎተተውን ሰው ቀስ ብለሽ ታወጪዋለሽ፣ ጉልበት አለውና፤ ዝም ያለውን ግን በሁለት እጅ፣ እየሮጥሽ ነው የምትስቢው አሉኝ።

ልጁ አልጎተተም አሉኝ። አንድም ጊዜ።

አስቀድማችሁ እያወረዳችሁ አየሩን የምትፈትኑበት ፋኖስ መስታወቱ ተሰብሮ ስለነበር፣ ሳትፈትን ነው የወረድከው፤ ትናንት ደህና ነበር ብለህ። አባባ ግን ልትወርድ ስትል ሲያዩህ ተቆጥተው ጠሩህና ገመዱን ወገብህ ላይ በራሳቸው እጅ ቋጠሩት። አንተ በእጄ እይዘዋለሁ ብለሃቸው ነበር አሉ። እጅ አይታመንም ብለውህ እምቢ አሉህ። ከዚያ ከላይ ቆመው ከጋሽ ብረቱ ጋር ወሬ ይዘዋል። መሀል ላይ ወሬያቸውን አቋረጡ። «ዝም አለ» አሉ። ጋሽ ብረቱ ምኑ ሳይሉ አባባ መዘውሩን ትተው ገመዱን በባዶ መዳፋቸው እየሳቡ ነበር። ስትወጣ ራስህን አታውቅም፤ ሁለቱም እጆችህ ተዘርግተው ወደ ታች ተንጠልጥለው ነበር። የያዘህ ቋጠሮው ነው። የአባባ መዳፍ ለአንድ ወር በጨርቅ መጠቅለሉ ትዝ ይልህ የለ? ገመዱ አዲስ ሆኖ ነው ያሉን? ቆዳው ተገሽልጦ ነው።

ከዚያ አንተ ነቅተህ ሦስት ጊዜ ጎተትኩ እያልክ ስትፎክር ጋሽ ብረቱ ሊያርሙህ ሲሉ አባባ ከለከሏቸው። «ተወው፤ ወጥቷል አይደል? አንድ ቀን ሲደክመው ይገባዋል» አሏቸው።

ወንድሜ፣ እኔ መጋቢ አይደለሁም፤ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ያውም ውሸታም። ግን አባባ ጌታን እንደረሱት አይቻለሁ፣ እሱ አባባን እንደረሳ ግን አላየሁም። አባባ ለልጃቸው ያደረጉትን እሱ ለአባባ ይነፍጋል ብዬ ማመን አቃተኝ። እጄ አይጠናም ብለህ ለተጨነቅክበት ነገር ያለኝ መልስ ይኼ ብቻ ነው። ያኔም አልጠናም ነበር።

በል እንግዲህ፣ ለባለቤትህ ከልብ የሆነ ሰላምታዬን አቅርብልኝ፤ በዚያ ቀን ሆስፒታል ደጃፍ ብቻዋን እንዳትቆም ጎረቤቶቿን ትጥራ። ለትልቋ ልጅህ ጎበዝ በልልኝ፤ በቃልሽ ባጠናሽው ቃል የተሳሳተችው አክስትሽ ነች፣ አያትሽ አይደሉም በላት። ሞት ይርሳኝ! ለትንሿ ቀሚስ ሰፍቼላታለሁ፣ ከዚሁ ደብዳቤ ጋር አለ፤ ጥርሷ ሲወልቅ ትልበሰው። እማዬ ጉንጭህን ስማህ ቁርጥማቷን ረስታ ቁጭ ብላ እየጸለየችልህ ነው። ጋሽ ብረቱ ሰላም በይልኝ ብለዋል፤ ሱሪያቸውንም በነፃ ሰፍቼላቸዋለሁ። እኔ እህትህ ይቅርታህን እጠብቃለሁ፤ ባይመጣም እወድሃለሁ።

ወረቀቱን ከግድግዳው ላይ አንተው ራስህ አውርደው፣ ልጆቹ ሳያዩ። በምትኩ ምንም አትለጥፍ። ሐኪሞቹ ሊያስተኙህ ሲመጡ ደግሞ ልይዝ ብለህ አትታገል፤ የምትለውን ቃልም አታጥና። ዝም በል፣ ወንድምዓለም። ዝም ብትልም ትሳባለህ።

ከስፌት ሱቄ፣ ከአባባ በርጩማ አጠገብ
ቅዳሜ፣ አባባን ከቀበርን በሃምሳኛው ቀን